የቻይና መርፌ ለሚጥል በሽታ፤ ወንድሜ ክኒኑን ያቁም?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ ልምዴ አይደለም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። መጀመሪያ የጣለው በ14 ዓመቱ፣ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ነው። ሌሊቱን ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ መጥቶ ጾሙን ፈትቶ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይተኛ ተነሳ። ቡና እየተፈላ እያለ ጮኸና ወደቀ። ቄጤማው ላይ ሲንፈራገጥ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በዓል ቀን ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ የመሰለውን ተናገረ፤ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋለትም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ወይ በየሁለት ወሩ አንዴ ይጥለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው።

ካርባማዘፒን የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ ይወስዳል። ያኔ የታዘዘለት ነው፤ እስካሁንም እሱኑ ነው የምንገዛለት። እውነቱን ልናገርና ሐኪም ዘንድ ከሄድን ሁለት ዓመት አልፎናል። የድሮዋን ማዘዣ ይዘን ከሰፈር ፋርማሲ እንገዛለን። ባለፈው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና ባሰበት፤ በአንድ ሳምንት ሁለቴ የጣለው ጊዜ ሁሉ ነበር። ዘንድሮም ገና አልተረጋጋም።

እማዬን የጽዋ ማኅበር ጓደኛዋ አንድ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚሰጡበት ቦታ ወሰደቻት። ከካዛንቺስ ብዙም አይርቅም። ባለፈው አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አናቱ ላይ፣ እጁ ላይ፣ ከጉልበቱ በታች ይተክሉለትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይተኛል። አያመኝም ይላል፤ እንዲያውም እንቅልፍ ይወስደዋል። ለአንዱ ቀን 1,800 ብር ነው፤ 20 ጊዜ ይመላለስ ተብሏል። በትንንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ቡናማ ዱቄትም ሰጥተውታል፤ ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

አሁን ያስጨነቀኝ ነገር፣ ባለፈው ሐሙስ ሰውዬው በአስተርጓሚ «ክኒኑ ጉበቱን ይጎዳዋል፤ መርፌው በደንብ እንዲይዝለት ከሰኞ ጀምሮ ያቁም» ብሎ ነገራት። እማዬ ደስ አላት። ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን አልጣለውም። «አየሽ?» ትለኛለች። ለአምስት ዓመት በተቀመጠበት ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል የኖረች ሴት ናት፤ ተስፋዋን መንጠቅ ከበደኝ።

መርፌው በእርግጥ ለዚህ በሽታ ይሠራል? የሞከረ አለ? ክኒኑስ ይቁም? ሰኞ ከመድረሱ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

እናት ነኝ፦

ልጄ፣ ክኒኑን እንዳታስቆሙት። ሌላውን ኋላ ታነቢዋለሽ፤ ይህን ግን አሁኑኑ ለእናትሽ ንገሪያት።

አድርጌው ስለማውቅ ነው የምልሽ። ልጄ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። ፌኖባርቢታል ትወስድ ነበር። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች አስቸገረች፤ እኔም ክኒኑን ጠላሁት። እንደ እናንተ መርፌ አስጀመርኳት። ሦስት አራት ቀን እንደተመላለስን ደህና ስትመስለኝ ማንንም ሳልጠይቅ ክኒኑን ደበቅኩት። በስድስተኛው ሌሊት ጣላት። ሌላ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ይለቃታል። ያን ሌሊት አልለቀቃትም። ተወት አደረጋት ስንል ሳትነቃ እንደገና ይጀምራታል። ከፒያሳ ላዳ እስኪገኝ፣ ከተገኘም በኋላ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ከንፈሯ ሲጠቁር እያየሁ ነው ሆስፒታል የደረስነው። አራት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔ ግን ሌሊት ውሻ ሲጮህ እንኳ ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «እናቴ፣ ይህ ክኒን በአንዴ ሲቋረጥ በሽታው ብሶበት ይነሳል። ማቆም ካስፈለገም በወራት ነው፣ ቀስ እየተባለ» አለኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት ብዬ ስንቴ አልቅሻለሁ። ለእናትሽ ስልኬን በውስጥ መስመር እሰጥሻለሁ፤ ሴት ለሴት እናወራለን።

የጉለሌ ልጅ፦

እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። የአጎቴ ልጅ በቻይና መርፌ ድኗል። ስድስት ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አልጣለውም። ሐኪም ቤት የሚያውቁት ክኒን መጻፍ ብቻ ነው። ይኼ ሕክምና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ባይሠራ ኖሮ እስካሁን አይቆይም ነበር። ክኒኑን አቁሙ አልልም፣ ግን ልጁን ከመርፌው አታስቀሩት።

ነጭ ጋዋን፦

የነርቭ ሕክምና ክትትል ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። እህቴ፣ እናት ነኝ ያሉት ነገር ትክክል ነው። ክኒኑ ሰኞ አይቆምም። ያለ ሐኪም በሌላ ቀንም አይቆምም።

ስለ መርፌው የማውቀውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ በክኒን አልሻል ባላቸው ሕሙማን ላይ ሞክረውታል። ለግማሾቹ መርፌውን የቻይና ሕክምና በሚያዘው ቦታ ተከሉላቸው፤ ለግማሾቹ ደግሞ ለይስሙላ ሌላ ቦታ። በስምንት ሳምንት 20 ጊዜ፣ ልክ ለወንድምሽ እንደታዘዘው ማለት ነው። በሁለቱም ወገን የሚጥልበት ቁጥር ትንሽ ቀነስ አለ፤ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም፣ ትክክለኛው መርፌም ከይስሙላው አልበለጠም። በኋላ ኮክሬን የሚባለው፣ በየአገሩ የተሠሩ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 17 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። 1,538 ሰዎች ነበሩባቸው። ጥናቶቹ ትንንሽና አሠራራቸው ደካማ ሆኖ ስላገኛቸው፣ መርፌው ለሚጥል በሽታ ይረዳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የደመደመው።

የጉለሌ ልጅ፣ የአጎትህ ልጅ ስለዳነ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር አስብ። ሰው አዲስ ሕክምና የሚፈልገው በሽታው ሲጠናበት ነው፤ የጠና ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ረገብ ይላል። አንዳንዱ የሚጥል በሽታ ከልጅነት ጋር አብሮ የሚያልፍ ነው። በዚያ መሀል መርፌ የተተከለለት ሰው መርፌው አዳነኝ ቢል አልፈርድበትም። የወንድሟም ሦስት ሳምንት እንደዚሁ ነው። በወር ወይ በሁለት ወር አንዴ የሚጥለው ልጅ ሦስት ሳምንት ሳይጥለው ቢቆይ ገና ምንም አላየንም።

ጉበትን በተመለከተ ሰውዬው ፈጽሞ ዋሸ አልልም። ካርባማዘፒን ጉበት የሚነካበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ክትትል የሚባለው፤ ደም ይመረመራል፣ ችግር ካለ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይለውጣል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ በደንብ አስቢበት። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ እጁን ነጠቅ ያደርገዋል? እንደ መደንገጥ ያለ፣ ራሱን ሳይስት? የያዘውን ዕቃ ይጥላል? በ14 ዓመቱ፣ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ አድሮ፣ ጠዋት ጣለው ያልሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦

ሲስተር፣ ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አዎ። ጠዋት ሻይ ሲይዝ ይደፋዋል። ብርጭቆ ስንት ጊዜ ሰብሯል መሰለሽ። የጥርስ ብሩሹ ከእጁ ተፈናጥሮ ግድግዳ የመታበት ቀን አለ። እኛ ዝርክርክነት ነው ብለን አምስት ዓመት ሙሉ ስንቆጣው ኖርን። እማዬማ የላስቲክ ኩባያ ነው የምትሰጠው። ለሐኪም ተናግረን አናውቅም፤ በሽታ ነው ብሎ ማን አሰበው።

ነጭ ጋዋን፦

አይዞሽ፣ ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ነው። አትሸማቀቂ።

በአፍላ ዕድሜ የሚጀምር አንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። ምልክቱ ይኸው ነው፦ ጠዋት ጠዋት እጅን ነጠቅ ነጠቅ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጥላል። የፋሲካው ሌሊትና የፈተናው ሰሞን ሁለቱም እንቅልፍ የታጣባቸው ናቸው። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በተገቢው መድኃኒት ጥሩ አድርጎ ይያዛል። ችግሩ ካርባማዘፒን ለእሱ አይስማማም፤ አንዳንዴ እንዲያውም መንጠቁን ያባብሰዋል። ለሌላው ዓይነት ግን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሌላ ሰው ይህን አንብቦ የራሱን እንዳያቆም።

ወንድምሽ ያ ነው እያልኩሽ አይደለም። ልጁን አላየሁትም፣ የሚወስነው ሐኪም ነው። ግን ቶሎ የነርቭ ሐኪም ይየው። ጠዋት ሻይ ሲይዝ በስልክሽ ቅረጪው። የሚጥለውንም ቀን አጠገቡ ሌላ ሰው ካለ ቅረጪ፤ ሐኪም ከአንድ ሰዓት ወሬ ይልቅ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ነገር ያውቃል። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ ሊያዙለት ይችላሉ። የወሰዳቸውን ክኒኖች ሁሉ፣ ያንን ዱቄት ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ክብሪቱንም ተዉት። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በቀጥታ ሆስፒታል።

ቤጂንግ የተማረ ፋርማሲስት፦

ስለ ዱቄቱ ማንም በደንብ ስላላነሳው ልግባ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ትምህርቴን የጨረስኩት ቻይና ነው። የቻይናን ሕክምና ከሚንቁት ሰዎች አይደለሁም። የቻይና ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እየተፈራረቀ ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሏል። ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መነሻው አርቴሚሲኒን ነው፣ ከአሪቲያችን ጋር ከሚዛመድ ቅጠል የወጣ። ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ፍንጩን ከጥንት የሕክምና መጽሐፋቸው አግኝታ፣ ቤተ ሙከራ አስገብታ፣ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ሸለሟት። የጉለሌ ልጅ፣ ጥንታዊ መሆኑ ክብር ነው፤ ግን ተፈትኖ ሲያልፍ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ለሚጥል በሽታ የተባሉት ቅጠላ ቅጠሎች እስካሁን እንዲህ ያለ ፈተና አላለፉም።

በእነሱ አባባል ይህ በሽታ ከጉበት የሚነሳ ነፋስና አክታ አእምሮን ሲሸፍነው የሚመጣ ነው። አናቱ ላይ የሚተከልለት መርፌ ባይኹይ የሚባለው ቦታ ላይ ነው የሚሆነው፤ ትርጉሙ የመቶ መገናኛ እንደማለት ነው። ደስ የሚል እውቀት ነው፣ የራሱ ቋንቋ አለው። ግን ቻይና ውስጥ የሚጥል በሽታ ይዞት ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የነርቭ ሐኪም ያየዋል፣ እኛ ጋ የሚታዘዙት ዓይነት ክኒኖች ይታዘዙለታል። መርፌ ቢጨመርም ከክኒኑ ጋር ነው። ስለዚህ «ክኒኑን አቁም» የሚለውን የቻይና ሕክምና አድርጋችሁ አትዩት፤ የዚያ ሰውዬ ቃል ነው።

ወደ ዱቄቱ ልመለስ። ለመንቀጥቀጥ ከሚቀምሟቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ሥር ናቸው፣ አንዱ የደረቀ ጊንጥ ነው፣ ሌላው ዡሻ የሚባል ቀይ ማዕድን ነው፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ አንጎልንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ሌላም አለ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የባህል መድኃኒት ብለው የወሰዱት ነገር ፌኒቶይን ተደባልቆበት የተመረዙ ሰዎች አጋጥመዋል። ፌኒቶይን ራሱ የሚጥል በሽታ ክኒን ነው! ሰው «ዱቄቱ አዳነኝ» እያለ ሳያውቀው ያንኑ የሐኪም ቤት መድኃኒት ይውጣል፤ መጠኑን የሚቆጣጠርለት በሌለበት። ከካርባማዘፒን ጋር ሲደረብ ደግሞ አንዱ የሌላውን ኃይል ያዛባል።

እህቴ፣ ስም የሌለውን ዱቄት ዛሬ ማታ አትስጡት። ግን አትጣይውም፤ ሐኪሙ ይየው። ውስጡ ምን እንዳለ ስለማናውቅም፣ ዱቄት ሲወስድ እንደቆየና መቼ እንዳቆመ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።

17 ዓመት ከክኒን ጋር፦

ስለ ወንድምሽ ሁሉም ተናገረ፤ እኔ ለእሱ ልጻፍ። አንብቢለት።

ወንድሜ፣ እኔም አለብኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ሥራ አለኝ፣ አግብቼ ወልጃለሁ። አራት ዓመት አልጣለኝም። ከዚያ በፊት ግን ለገሃር ታክሲ ሰልፍ ላይ ወድቄ ስነቃ ሰው ከቦኝ፣ ጫማዬ ወልቆ፣ ስልኬ ሄዶ አውቃለሁ። ከመውደቁ በላይ የሚያመው ስትነቃ የሚያዩህ ዓይን ነው። ይህን ሐኪም አይነግርህም።

እኔም ጸበል እንጦጦ ወጥቻለሁ፤ ዛሬም እወጣለሁ። ክኒኔ ኪሴ ውስጥ ነው። ካህኑን ጠይቄ «መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ ዋጥ» ብለውኛል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር፤ የጠዋቷን ክኒን እየዘለልኩ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አሁን በሰዓቷ በውኃ እውጣታለሁ፣ የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ስልኬ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይደወላል።

መርፌውንም ቀምሼዋለሁ፤ ለወገቤ ሕመም ነው፣ ትንሽ አቅልሎልኛል። መጀመሪያ ያልኳቸው ግን «የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ብቻዬን አትተዉኝ» ነው። መርፌ ተተክሎብህ ቢጥልህ መርፌው ይጣመማል፣ ሊሰበርም ይችላል። መርፌው አዲስ፣ ከእሽጉ ፊትህ የተፈታ መሆኑን እይ። ሌሊት አትንቃ። መጠጥ ይቅርብህ። ጫትም ያው እንቅልፍ ነው የሚነሳህ። ሻይ ስለደፋህ ማንም አይቆጣህ።

የአራት ኪሎዋ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ሰኞ ክኒኑ አልቆመም። እናት ነኝ፣ እማዬ ከእርስዎ ጋር አርባ ደቂቃ አውርታ ስልኩን ስትዘጋ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ተቀመጠች። ከዚያ ወጥታ ዱቄቱን ከነወረቀቱ ሰጠችኝ። ምንም አላለችም።

ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሁለት ሳምንት ጠብቀን የነርቭ ሐኪም አየችው። የብርጭቆውን ቪዲዮ ሦስቴ ደጋግማ አየችው። ኢኢጂ ተነሳ። ሲስተር እንደጠረጠርሽው ነው። ወደ ቫልፕሮኤት እየቀየሩለት ነው፤ አዲሱ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ የድሮው ቀስ እያለ ይቀነሳል። የጉበት ምርመራው ደህና ነው፤ በየጊዜው ይታያል ተብሏል። ሐኪሟ ለሴት ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህን መድኃኒት ቶሎ አንሰጥም ነበር፣ እርግዝና ላይ ፅንሱን ይጎዳል ብላ ነገረችን፤ ሴት ልጆች ያሏችሁ አስቡበት። ለእሱ ምናልባት ለብዙ ዓመት የሚወሰድ ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን «17 ዓመት ከክኒን ጋር» ያለው ወንድማችን የጻፈለትን እንደገና አስነበበኝ።

መርፌውን ትተነዋል። እማዬ የቀረውን ብር ልታስመልስ ሄዳ አልሆነላትም፤ ተይው አልኳት። እንጦጦ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይወጣሉ፤ የክኒን ሳጥኗን ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘው እሷ ናት።

በዚህ መሀል አንድ ጊዜ ጥሎታል። አክስቴ ክብሪት ይዛ ስትሮጥ እማዬ እጇን ያዘቻትና «ሰዓት እዪልኝ» አለቻት። ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። በጎኑ አስተኝተነው ነቃ።

ጠዋት ጠዋት እጁን የሚነጥቀው ነገር ቀንሷል፣ ጨርሶ አልጠፋም። የላስቲክ ኩባያዋ ግን ከመደርደሪያው ላይ የለችም። ማን እንዳነሳት አልጠየቅኩም።